ከጥንቸሏ ላይ የተገኘችው መዥገር

በእንስሳት ቤተ ሙከራው ሃያ ስድስት ዓመት መዥገር ስትሰበስብ የኖረችውን ሴት ሁሉም «እትዬ ብልቃጥ» ይላታል። መዥገሯን በወረንጦ ነቅላ አልኮል ውስጥ ትከታለች፤ ቀኑንና የተገኘችበትን እንስሳ በመለያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋ ብልቃጡ ውስጥ ታኖራለች። ባሏ፣ የእርሱን ዘመዶች እየረሳች የመዥገርን ሰባት ቤት ትቆጥራለች እያለ ይተርባታል፤ እርሷም ዘመዶቹ ብልቃጥ ውስጥ ቢገቡላት እንደማትረሳቸው ትመልስለታለች።

በዚያ ረፋድ ግን ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበራትም። የቤተ ሙከራው ወጣት ዶክተር ከጥንቸል ላይ የተገኘች አንዲት መዥገር በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሰንብቷል። በአፏም በጀርባዋ ጋሻም ወገኗ ከኤሊ መዥገሮች ነው፤ ልዩነቷ የጋሻዋ ነጥቦች መሳሳታቸው ብቻ ነው። ይህ ብቻውን አዲስ ዝርያ አያሰኛትም፤ ጥንቸል ላይ መገኘቷ ሲታከልበት ግን ያሰኛታል። ስለ እርሷ የጻፈው ጽሑፍ ቀትር ላይ ለሳይንስ መጽሔት ይላካል።

የመዥገሯን መለያ ወረቀት ከብልቃጡ አውጥታ አየችው። ጽሕፈቱ የእርሷ ነው፤ ቀኑም ልጇን ምጥ በያዛት ማግስት። እንስሳ የተያዘበት ከረጢት ሳይቀቀል ለሌላ እንስሳ አይሰጥም፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ልጇ ባማጠችበት ዕለት ግን ኤሊ የወጣበትን ከረጢት አራግፋ ብቻ ጥንቸሏን ከታበት ወደ ሆስፒታል ሮጣለች። በማግስቱ መዥገሯን ያገኘቻት ቆዳ ላይ ተጣብቃ ሳይሆን በጥንቸሏ ጠጉር ላይ ስትሄድ ነበር። ይህን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

የክፍሉ ኃላፊ አንድ መለያ ከዋሸ ቁም ሣጥኑ ሁሉ ዋሽቷል ይላል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ብልቃጥ አለ፤ ሁሉም በእርሷ እጅ ተጽፏል። ጡረታ ልትወጣ የቀራት ሦስት ወር ነው።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ሲል ዶክተሩ ፊቱ በርቶ ጠራት።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ የደበቅኩዎት ነገር አለ። ዝርያዋን በእርስዎ ስም ልሰይማት ነው።»

ዝም ብትል ስሟ ከእርሷ በኋላ ይኖራል።

«ስሜን ተወው፣ ልጄ» አለችው። «መዥገሯ የኤሊ ናት።»

የከረጢቱን ነገር አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ዶክተሩ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሆነ ጠየቃት፤ የምታስታውሰው ይህን ብቻ እንደሆነ መለሰችለት።

«የማያስታውሱትስ?»

የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና ኃላፊውን ራሷ ልትጠራው ሄደች።