አውራ ጣቴን ከወረቀቱ የመለሰው ደንበኛ

ነገሩ ከሆነ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል። ትንሿን ልጄን ባየሁ ቁጥር ስለሚታወሰኝ ልጽፈው ወደድኩ።

ያኔ ፒያሳ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ሱሪ እሰፋ ነበር። ባለቤቴ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ከተኛ ወራት ሆኖታል። አፍንጮ በር ባለው ቤታችን ሁለት ልጆች እጄን ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛዋ በሆዴ ነበረች። እርግዝናዬን በነጠላዬ እየሸፈንኩ ሰባተኛው ወር ደረስኩ። ከዚያ በኋላ የሚሸፈን አልሆነም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ካቦ የምንለው የሥራ ኃላፊያችን፣ አቶ ታፈሰ፣ ወደ ባንኮኒው ጠራኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«አስካለ፣ እንዲህ ሆነሽ ማሽን መርገጥ የለብሽም» አለኝ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ይህን ፈርሚና ቤትሽ እረፊ፤ ስትወልጂ ትመለሻለሽ።»

«ምን የሚል ነው ጋሼ?»

«የዕረፍት ወረቀት ነዋ! ማርያምን፣ ላንቺው ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። በማርያም ስም ምሎ የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብዬም አላሰብኩም። አማተብኩና አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ አሳረፍኩ።

«እህቴ፣ ቆዪ!»

ከልኬቱ መጋረጃ ጀርባ አንድ ደንበኛ ወጣ። የለበሰው ገና ያላለቀ ሱሪ ነው፤ አንዱ እግር ታጥፎ በእስፒል ተይዟል፣ ሌላው መሬት ይጠርጋል። እስፒሉ እንዳይወጋው እግሩን ከፈት አድርጎ እየተራመደ መጣና ወረቀቱን ከባንኮኒው አነሳው።

«‹በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ስለለቀቅሁ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም› ነው የሚለው» አለ። «ዕረፍት የሚል ቃል የለበትም።»

አቶ ታፈሰ ሊነጥቀው እጁን ዘረጋ። «አንተ ምን አገባህ? ተለክተህ አልጨረስክም? ሂድ!»

«በዚህ ሱሪ ወዴት ልሂድ? የአራዳ ልጅ ሁሉ ይስቅብኛል።»

ሰፊዎቹ ማሽናቸውን አቁመው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም። ያ ሥራ ከቀረ ልጆቼን የማበላበት ሌላ በር አልነበረኝም።

ሰውየው ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ነበር። ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ።

«የወለደች ሴት ሁለት ወር የማረፍ መብት እንዳላት ሕጉ ላይ ተጽፏል። በዚህ ላይ ጣቷን ካሳረፈች ግን ራሷ ለቀቀች ይባላል፤ መብቷም ቀረ። ልታባርሯት ከሆነ ምክንያታችሁን ጻፉና እናንተ ፈርሙበት።»

ግርግሩን ሰምተው የስፌት ቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ከጓዳ ወጡ። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት።

«ታፈሰ፣ ትረፍ አልኩህ እንጂ አስለቅቃት መቼ አልኩህ?» አሉ።

እውነታቸውን ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል። ሰውየው ግን ጊዜ አልሰጣቸውም፤ እዚያው ባንኮኒው ላይ ሌላ ወረቀት ጻፈ። ወልጄ ሁለት ወር አርፌ ወደ ማሽኔ እንደምመለስ የሚል ነበር። እመቤቲቱ ፈረሙ። ለእኔ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበርና እንደገና መንከር አላስፈለገኝም።

የዚያን ሱሪ ጠርዝ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። ደርቤ ሰፋሁት። ሊወስደው ሲመጣ፣ «ቅዳሴ ላይ ስምዎን እንዳስጠራልዎት የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ» አልኩት።

ሳቀ። «እኔ እስላም ነኝ እህቴ። ከድር በይኝ።»

አፈርኩ። እሱ ግን ሱሪውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» አለኝ።

አወጣችኝ። ሴት ልጅ በሰላም ወለድኩ። ሁለት ወሩ ሲሞላ ስመለስ ማሽኔ ከቦታው ነበር፤ አቶ ታፈሰም የተቆረጠ ጨርቅ አቀበለኝ። ለልጄ ክርስትና ገና ሃያ ቀን ቀርቶኝ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ከደጅ ተሳልሜ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። ባለቤቴም ድኖ ቤቱ ገባ። ከእኔ በኋላ ሁለት ሴቶች እዚያው ቤት እየሠሩ ወልደው ተመልሰዋል።

እኔም የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ዛሬ ሳላነብ ጣቴን የማሳርፍበት ወረቀት የለም።

ከድርን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ስሙን ቅዳሴ ላይ ማስጠራት ባልችልም፣ ቤቴ ስጸልይ ከልጆቼ ስም ቀጥዬ «ከድርን» እላለሁ። የትኛው ከድር እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።