ከቤት ወሊድ ነጻ የሆነው ቀበሌያችን

መንዝ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሴቶችን «ጤና ጣቢያ ውለዱ» ማለት ነው። ብዬ ብዬ ተሳካልኝና ቀበሌያችን «ከቤት ወሊድ ነጻ» ተባለ፤ በግ ታርዶ ነጭ ባንዲራ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ሴት ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ከወለደች ባንዲራው ይወርዳል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርና እኔም ወረዳ ተጠርተን እንገመገማለን። ምጥ ቀጠሮ እንደማያከብር ያሰበ የለም።

የመጀመሪያዋ ባለተራ እኔው ሆንኩ። ምጤ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። የወረዳው አምቡላንስ የስብሰባ ሰዎች ጭኖ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዷል። አማቴ፣ «ተይ ልጄ፣ ደርሷል፤ እዚሁ ይሁንልሽ» አሉኝ። ፈለግሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ ፈለግሁ። ግን ሴቱን ሁሉ ስቆጣ የኖርኩ ሰው በየት አፌ? የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አወጡኝ፤ ሊቀመንበሩና ሴቶቹም ተከተሉን።

ዳገቱ ሳያልቅ ልጄ መጣች። ወንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ፤ አማቴ ተቀበሏት። አላለቀሰችም። ተጋድሜ፣ «አፏን ጥረጉላት፤ ጀርባዋን እሹት» እያልኩ ስለ ሌላ ሰው ልጅ እንደምናገር ተናገርኩ። ኋላ ጮኸች። ሴቶቹ ለእልልታ አፋቸውን ሲከፍቱ ሊቀመንበሩ እጆቹን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«እባካችሁ! ጤና ጣቢያው በር ስንደርስ እልል ትላላችሁ። እዚህ ከተሰማ መንገድ ላይ ወለደች ይባልና ባንዲራችን ይወርዳል።»

«ያለ እልልታማ የሞተ ነው የሚወሰድ!» አሉ አማቴ። ወደ እኔ ዞሩ፤ «ንገሪው እንጂ አንቺ!»

ተናደድኩ፤ ከንዴቱ በላይ አፈርኩ። ባንዲራውን ያሰቀልኩት እኔው ነኝና «እንሂድ» ብቻ አልኩ። እንዳልወድቅ በመጫኛ አስረውኝ፣ ልጄን ጋቢ ውስጥ አቅፌ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ተጓዝኩ። ከኋላ የሚከተሉት ሴቶች ትንፍሽ አላሉም።

የእናቴ ቤት ከጤና ጣቢያው በታች ነው። ቃሬዛውን ከሩቅ አይታ፣ ጆሮዋን ጥላ እልልታ ስትጠብቅ ቆይታለች። በሩ ላይ ስንደርስ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ደረቷን ስትደቃ አገኘናት።

«ልጄን! ልጄን!»

ጋቢውን ገለጥኩ። «እማዬ፣ አለን። ሁለታችንም አለን።»

እኔን ዳሰሰችኝ፤ ልጅቱን ዳሰሰቻት፤ ማልቀሷን ማቆም ግን አቃታት።

ሊቀመንበሩ በሩን አልፎ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «በሉ፣ አሁን እልል በሉ!»

የጀመረች ሴት የለችም።