በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ

ከመኪናዬ ጋር ነው የታሰርኩት። እኔን ክፍል አስገቡኝ፤ እሷን ግቢው ውስጥ አቆሟት። የክፍሉ መስኮት ከጣሪያው ሥር ያለች፣ ብረት የተጋደመባት ትንሽ ቀዳዳ ናት። ዝናብ በመጣ ቁጥር የቆርቆሮው ጩኸት ወሬ ያስቆማል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ የሰው ጀርባ አጥቁሮታል። በእግሬ ጣት ቆሜ ስንጠራራ የሚኒባሴ የኋላ መስታወት ይታየኛል። መስታወቱ ላይ «ትዕግሥት ፍርሃት አይደለም» የሚል አስለጥፌ ነበር። በነጋ በጠባ እሱን ማንበብ እንዴት እንደሚያበሽቅ የታሰረ ያውቀዋል።

ወጣቱ በተቃውሞ መንገድ በድንጋይ የሚዘጋበት ክረምት ነበር። ከሸነን ገበያ ሰው ጭኜ ወደ አምቦ ስመለስ፣ አስፋልቱ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ኬላ ላይ አስቆሙኝ። ወጣት ወጣቱን ተሳፋሪ አወረዱና እኔንም ጨመሩኝ። መርማሪው «ለምን ጫንካቸው?» ሲለኝ «እኔ ታሪፍ እንጂ ሐሳብ አልጠይቅም» አልኩት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ያቺ ምላስህ ናት ያቆየችህ» ትለኛለች። ወጣቶቹ በማግስቱ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። መኪናዋ «ኤግዚቢት» ተባለች። ኤግዚቢት ማለት ቆልፈው የሚያስቀምጡት ዕቃ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ራሳቸው ይነዷት ጀመር።

ያቺ መኪና አንድ ክፉ አመል ነበራት። አስፋልት ላይ ሰባ ስትገባ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፤ እጅ እስከ ክንድ ያደነዝዛል። አሮጌ ናት፣ አልክድም፤ ግን በእርጅና ብቻ የሚሳበብ አልነበረም። ጎሚስታ ጋ ወስጄ ጎማዎቹን በማሽን አስመዝኜ፣ የቀለለው ጎን ላይ እርሳስ አስለጥፌ ባላንስ አስደረግኩ፤ ሁለት ቀን ዝም ትልና አመሏ ይመለሳል። ደግሜ አስደረግኩ፤ ያው። የመሪውን ቲራንቲ አስቀየርኩ፣ የእግሯን ኩሽኔታ አስቀየርኩ። የፊቱን እግር፣ ጎማውን ከነብረት ቸርኬው፣ ወደ ኋላ ባዛውረው መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ሄደና የኋላ ተሳፋሪ ማጉረምረም ጀመረ። በዚህ ነገሩ ከጎማ እንደሆነ ገባኝና አዲስ ጎማ አስገባሁ። ጥቂት ቀን ተሻላት፣ ከዚያ እንደገና ጀመራት። መካኒኩ በመጨረሻ «አርጅታለች፣ ልመዳት» አለኝ። በዚህ ዓለም ላይ እንደ «ልመደው» የሚያናድደኝ ቃል የለም።

በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ትልቁ አንድ ገበሬ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁላችንም «ኦቦ» ነበር የምንላቸው፣ በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት። ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ከማሳ አንስተው ነው ያመጧቸው። ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ እንደለበሰ በሩ ሥር ተቀምጧል።

ለሽንት አንድ ባልዲ ነበረችን። አንድ ሰው ወደ ባልዲዋ ሲሄድ ሌሎቻችን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ጮክ ብለን እናወራለን፤ ስለ እህል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማንኛውም ነገር፣ ብቻ ድምፁ እንዳይሰማ። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፤ ስገባ እንዲሁ ሲደረግ አገኘሁት። አንድ ቀን ጠዋት ኦቦ ወደ ባልዲዋ ሄዱ። እኛ ዞረን እናወራለን። ስለ ጤፍ አወራን፣ ስለ ገበያ አወራን፣ ወሬ አለቀብን። ኦቦ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ሽንታቸው እምቢ አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ፖሊሶቹ ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ሽንት የሚያወጣ ቱቦ ለማስገባት ሞክረው አልሆነም። «ዛሬውኑ አምቦ ሆስፒታል ይድረሱ፤ ካደረ አደጋ ነው» ብለው መለሷቸው። የፖሊሶቹ ፒክአፕ ለግዳጅ ሄዳለች። አምቡላንሷ ከወጣች አልተመለሰችም። የቀረችው የእኔዋ ናት። የእኔዋን የሚነዳት ፖሊስ ደግሞ ትናንትና መሪው ተንቀጥቅጦበት ድልድይ ሥር ሊገባ ለጥቂት መትረፉን እየተናገረ «ሁለተኛ አልነካትም» ብሏል።

ኢንስፔክተሩ በረንዳው ላይ አስጠራኝ። ሾፌር የሆነው ፖሊስም አጠገቡ ቆሟል።

«መኪናዋን ምን አድርገሃታል?»

«ምንም። እንዲሁ ናት።»

«የሆነ ነገር አላልተህባታል። ሰው ልታስጨርስ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ከገባሁ ጀምሮ እናንተ ናችሁ የምትነዷት። ከስድሳ በታች ከተያዘች አትንቀጠቀጥም። ቀስ ብሎ ሽማግሌውን ያድርሳቸው።»

«ከስድሳ በታች እንደማትንቀጠቀጥ በምን አወቅህ?»

«የእኔ መኪና ስለሆነች ነዋ።»

ወደ ሾፌሩ ዞረ። «አየህ፣ ያውቃል» አለው።

መልሰው ቆለፉብኝ። አውቃለሁ ብል ጥፋተኛ፣ አላውቅም ብል ውሸታም። በተያዝኩ ቀን እንኳን እንደዚያ አልተናደድኩም። አንድ ሰው እዚህ በሽንት ይሞታል፣ መኪና እዚያ ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ እነሱ ከእኔ ጋር ነገር ይፈትላሉ። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ ያመመኝ እኔን ነው።

ኦቦ ጥግ ላይ በጉልበታቸው ተደፍተዋል። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። አያቃስቱም፤ ይልቅስ በአፍንጫቸው ቀስ እያሉ ይተነፍሳሉ።

«ልጄ» አሉኝ። «ጫማዬን ጥረግልኝ።»

«ምን አሉኝ፣ ኦቦ?»

«ሐኪም ፊት በዚህ ጭቃ አልቀርብም።»

«መኪና መቼ ተገኘና ነው ኦቦ?»

«ይገኛል። አኒስ ነመ፤ እኔም ሰው ነኝ እኮ።»

እያጉረመረምኩ ጫማውን አነሳሁ። ሰውየው ሊሞቱ ነው፣ ስለ ጫማ ያወራሉ። በማንኪያ እጀታ መፋቅ ጀመርኩ። የእኛ አገር ጥቁር መሬት እርጥቡ ሙጫ ነው፣ ደረቁ ሸክላ። ከላይ ያለው በቀላሉ ረገፈ። ተረከዙ ሥር ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ግን መዳፍ የሚያህል ድፍን ጭቃ ተፈንቅሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። የተጠረገውን በቀኝ እጄ፣ ያልተጠረገውን በግራ እጄ ያዝኩ። ግራዬ ዝቅ አለ።

እንደዚያ ሁለቱን ጫማ ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ገበያ በዋለ ቁጥር የሸነን መንገድ ጭቃ ውስጥ እዋኛለሁ። እሁድ ሁሉቃ ወንዝ ዳር አሳጥባታለሁ፤ ልጆቹ ከውጭ ፈትገው ቸርኬዋን ያብለጨልጩታል። በቸርኬው ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ግን ጭቃው እንደዚህ ጫማ ተጠቅጥቆ ይደርቃል፤ እዚያ እጁን የሰደደ የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ከነጭቃው ጎሚስታ ጋ እወስዳታለሁ፤ ማሽኑ ጭቃውን እንደ ብረት ቆጥሮ በማዶው እርሳስ ያስለጥፋል። ሁለት ቀን አስፋልት ላይ ስሮጥ ከጭቃው ግማሹ ይረግፋል፣ እርሳሱ እንዳለ ይቀራል፤ ሚዛኑ ይዛባል። ጎማም ብቀይር ቸርኬው ያው ነው። ያን ሁሉ ወራት ያስመዘንኩት ጭቃ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ባሰ።

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው መጣ።

«ማል ታኤ? ምን ሆንክ?»

«የመኪናዋን በሽታ አወቅኩት። ኢንስፔክተሩን ጥራልኝ።»

«እዚሁ ተቀምጠህ?»

«እዚሁ ተቀምጬ።»

ሳቀ፤ ግን ጠራልኝ። ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ጨርሶ ሰማኝና «ጎማ ፈትተህ ልታመልጥ ነው?» አለኝ።

«ጎማ የሌላት መኪና የት ታደርሰኛለች? እኔ አልነካም። ሾፌሩ ይፍታ፤ እኔ ካቴና አጥልቄ ቆሜ አሳያለሁ።»

ወደ ኋላ ዞሮ ኦቦን አያቸው። ምን እንዳሰበ አላውቅም። «አውጡት» አለ።

እያካፋ ነበር። ሾፌሩ በክሪክ አንስቶ የፊቱን እግር ፈታ። «እጅህን ከጀርባው አስገባ» አልኩት። አስገባ። ፊቱ ተለወጠ። በካቻቢቴ ሲፈነቅለው ጡብ የሚያህል እየተቆረሰ ወደቀ፤ አንዱ ጎን ላይ ወፍራም፣ ሌላው ጎን ላይ ምንም።

«እርሳሱንም ንቀል» አልኩት።

«ባላንሱን?»

«ከጭቃው ጋር የተመዘነ ነው። ጭቃው ከወጣ እሱም ይውጣ።»

አራቱንም እግር እንዲሁ አደረገ። በካቴና ቆሞ የሌላ ሰው እጅ የራስህን መኪና ሲፈታ ማየት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ይዘገያል፣ ዳዶ ይጥላል፣ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። «ቶሎ በል» ለማለት አፌ እየተከፈተ መልሼ እዘጋዋለሁ። ጨርሶ ሲነሳ እጁን በሱሪው ጠረገና «እኔ አሁንም አልነዳትም። እሱ ይንዳ» አለ።

ኢንስፔክተሩ ካቴናዬን አየ። «አንድ እጁን ከመሪው ጋር እሰሩት» አለ።

«መሪ ሁለት እጅ ይፈልጋል» አልኩ። «ሽማግሌውን ገደል እንድከታቸው ከፈለጋችሁ ግን እሰሩኝ።»

ኢንስፔክተሩ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ፈታኝ።

ኦቦን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኟቸው፤ ጠባቂው ራሳቸውን ጭኑ ላይ ያዘ። ጫማቸውን እኔ ነኝ ያደረግኩላቸው፤ ሁለቱም ተጠርገዋል። ሾፌሩ ጋቢና ከጎኔ ተቀመጠ። ስድሳ ገባሁ። እጄ የለመደውን ጠበቀ። ሰባ ገባሁ። ሰማንያ። መሪው ቀጥ ብሎ ዝም አለ፤ ጣቴን ትንሽ ከማሳከክ በቀር ምንም የለም። ሾፌሩ መሪውን ያያል፣ እኔን ያያል።

«ሱታ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ ኦቦ ከኋላ። «ቀስ በል፣ ልጄ።»

ቀስ አላልኩም።

የሆስፒታሉ ግቢ ተቆፍሮ ነበርና ዝናቡ ጭቃ አድርጎታል። መኪና የሚቆምበት ቦታ ከበሩ ራቅ ይላል፤ መሐሉ ኩሬ ነው። ሾፌሩ «እዚህ ጋ አቁም» አለኝ። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ኦቦ ተነስተው ቁጭ ብለዋል፤ እግራቸውን ገጥመው በመስኮት ጭቃውን ያያሉ። ማርሽ አስገባሁና ኩሬውን አቋርጬ፣ የአልጋ መግፊያውን አቀበት ወጥቼ፣ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በሩ ድረስ አቆምኳት። የግቢው ዘበኛ ዱላውን እያወዛወዘ መጣ።

«እዚህ መኪና አይወጣም! ዕብድ ነህ?»

ሾፌሩም «ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ።

«ጫማቸው ተጠርጓል» አልኩት።

ኦቦ አልጋ አመጣንልዎ ቢባሉ እምቢ አሉ። የመኪናዋን በር ይዘው አንዱን እግር ደረቁ ሲሚንቶ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ሌላውን። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ጠባቂው ደግፏቸው በእግራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት፣ ቱቦው እንደገባላቸውና ከሆስፒታሉ በዚያው ወደ ቤታቸው እንደለቀቋቸው ነው።

እኔ መኪናዋን ከበረንዳው አወረድኩ፣ ቁልፉን ነቅዬ ለሾፌሩ ሰጠሁት፣ ሳልጠየቅ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሲያስረኝ ዓይኔን አላየኝም። ስንመለስ እሱ ነዳ። ሰባን ሲያልፍ በአንድ እጁ ነበር የያዛት፣ ደስ ብሎታል።

እኔ ከዚያ በኋላም ወራት ተቀመጥኩ። ክስ አልቀረበብኝም፤ አንድ ቀን «ሂድ» አሉኝ። መኪናዋን ያገኘኋት ከዚያም በጣም ዘግይቶ ነው፤ አዳዲስ ጎማዎቼ ወጥተው ያለቀላቸው ገብተውባት። ለምን ታሰርኩ ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «እሱን እርሳው» ይለኛል። ይኼኛው የ«ልመደው» ወንድም ነው። አልረሳሁትም፣ አልለመድኩትምም።

አሁንም አምቦና ሸነን እመላለሳለሁ። ሁሉቃ ዳር ያሉት አጣቢዎች «ሰውየው መጡ፣ እጃችሁን ከጀርባው ስደዱ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ፤ መሪዬ ዝም ብሏል።

ባለፈው ክረምት ሸነን ገበያ ላይ መኪናዋ ሞልታ አንድ ቦታ ቀርቶኝ ነበር። አንድ በጣም ያረጁ ሰው ምርኩዝ ይዘው መጡ። ከመግባታቸው በፊት ደረጃው ሥር ቆሙና ቦት ጫማቸውን በድንጋይ ይፍቁ ጀመር። በፊታቸው አላወቅኳቸውም፣ በዚያ ነው ያወቅኳቸው። እሳቸው እኔን አላወቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ዝናቡ ጠቁሮ እየመጣ ነው። ተሳፋሪው «ኦቦ፣ ይግቡ እንጂ! ሾፌር፣ እንሂድ!» ይላል።

«ተዉዋቸው፣ ይጥረጉ» አልኩና ሁለተኛውን ጫማ እስኪጨርሱ ድረስ ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኩ።