የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው ሴት

በየማለዳው፣ ደብረ ታቦር ገበያ ያለችውን ሱቋን እንደከፈተች፣ ከተሰቀሉት የሕፃናት ልብሶች ጀርባ ትቀመጥና የዓይኗን ቆብ በጣቷ ቁልቁል ስባ ትይዘዋለች። ዓይኖቿ በራሳቸው አይከደኑም። ከዚያ ጠብታዋን ጨምራ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ታብስና ደንበኛ ትጠብቃለች።

ዓይኖቿን እንዲህ ወደ ውጭ የገፋቸው ከእንቅርቷ ጋር የመጣ በሽታ ነው። ጎረቤቷ አብዱ፣ “አንቺ ተኝተሽም ስለምታዪ ሱቅሽ ዘበኛ አያሻውም” እያለ ያሾፍባታል፤ አብራው ትስቃለች። እናቶቹ ግን አይስቁም። ልጅ ያቀፈች ሴት ሹራብ ስትመርጥ ቆይታ ቀና ካለችና ዓይን ለዓይን ከተገጣጠሙ፣ ቡዳ እንዳይበላባት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍና፣ ሹራቡን ትታው ትወጣለች።

ባሕር ዳር ያየቻት ሐኪም ፀረ እንግዳ አካል የሚባል፣ በደም ሥር የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት እንዲህ ያለውን ዓይን ወደ ቦታው እንደሚመልስ ነገረቻት።

“ታዲያ መቼ ልምጣ?” አለች ብድግ ብላ።

“እኛ አገር አልገባም፣ እናቴ።”

ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ እስከ ወረታ ድረስ ፊቷን ከሚኒባሱ መስኮት አልመለሰችም።

ስለ እሷ ልትጽፍ የመጣችውን ልጅ፣ “የእናቶቹን ጻፊው፤ አልቀየምኳቸውም” አለቻት። “የሙናን ግን ተይልኝ፣ ልጄ።”

ሙና የባለሱቋ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ እናቷ ከሱቋ ያማረውን ብርድ ልብስ መርጣ ወሰደችላት። ሙናም፣ “እማ፣ እንኳን መጣሽ” እያለች ተቀበለቻትና፣ በዚያው ብርድ ልብስ የሕፃኗን ፊት ሸፈነችው።