የእናቴን ጀርባ የሚመታው ልጅ

ከቡሬ ተነስቼ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስደርስ እናቴ በጎኗ ተኝታ፣ ዳሌዋ ሥር ትራስ ተደርድሮ፣ ጭንቅላቷ ቁልቁል ዘንበል ብሎ አገኘኋት። አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት መዳፉን እንደ ጭልፋ አጎድጉዶ ጀርባዋን ይመታል።

ከቋሪት ይዘዋት የመጡት ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ጥግ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ከልጁ እጅ አልነቀሉም። «መድኃኒት የጨረሱ ይመስለኛል» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ተስፋ ቢቆርጡ ነው እንዲህ የሚያደርጉ።»

ጠዋት ኦክስጅኑን እንደነቀሉላት ሰምቼ እኔም ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ልጁ «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ቢለኝም፣ ፊዚዮቴራፒ የማውቀው ለተሰበረ እግር ነው።

ሲጨርስ ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ሰጣት። «እማማ፣ አክታውን እዚህ ይትፉልኝ።»

«የለኝም» አለች እናቴ። ጉሮሮዋ ግን ይንኮራኮራል። ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው ብላ ስንት ዘመን ስትውጠው ኖራለች። ልጁ ሲወጣ እጄን ያዘችኝ። «ሊያስመረምረው ነው። የልጅነቴ የሳንባ ነቀርሳ ተመልሷል ብለው ከሰው ሊለዩኝ ነው። ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ።»

ምንም አላውቅም ነበር። አላመነችኝም።

በማግስቱ ልጁ መምታት ሲጀምር አጎቴ እጁን ለቀም አደረጉት። «ተው አንተ! እህቴ ናት እንጂ የሚወቃ እህል አይደለችም!»

የክፍሉ አስታማሚ ሁሉ ዞረ። ልጁ አልተቆጣም። የአጎቴን መዳፍ ወስዶ እናቴ ጀርባ ላይ አሳረፈው። «እማማ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ።»

የአጎቴ ፊት ተለወጠ። «ውስጡ ይንተከተካል» አሉ።

«እሱን ነው የማላቅቀው። ራሳቸውን ዝቅ ያደረግነውም ከሳንባቸው ሥር ወደ ጉሮሮ እንዲመጣ ነው።» ከዚያ ወደ እናቴ ጎንበስ አለ። «ቀስ ብለው አየር ይሳቡ። አሁን መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዙ አፍዎን ከፍተው ‹ሃ!› ይበሉ።»

አለች። ደገመች። ሳሉ ከሆዷ መጣ፤ መዋጥ አቃታት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብልቃጧን ሞላቻት፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ ነገር።

አጎቴ አዩትና ልጁን አዩት። «ይኸ ቀድሞም ነበረ፣ ወይስ አንተ ነህ ያመጣኸው?»

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የምርመራው ውጤት ነቀርሳ የለም አለ፤ የድሮው በሽታ የተወው ጠባሳ ነው አክታ እያቆረ የሚያፍናት። እናቴ «ልትደብቁኝ ተማክራችኋል» አለችን። አልጋዋን ማንም እንዳላዛወረው፣ ጎረቤቷ በሽተኛም አብራት ምሳ እንደምትበላ ስታይ ነው ቀስ በቀስ ልቧ የተመለሰ።

ከመውጣታችን በፊት ልጁ አመታቱን ለአጎቴ አሳያቸው፤ አከርካሪውንና ኩላሊት ያለበትን እንዳይነኩ አስጠነቀቃቸው። አሁን በየጠዋቱ እህል ከመቅመሷ በፊት እሳቸው ናቸው የሚመቷት። ዳገቱን ሳትቆም ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች ይሉኛል።

እኔ ግን በሰው ወሬ አልረጋም። ስትደውልልኝ ከቃሏ ይልቅ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። «ደህና ነኝ» ስትለኝ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ዝናቡ እያነሳሁ አስለፈልፋታለሁ፤ መሀል ላይ አየር አጥሯት ትቆም እንደሆነ።

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ ወሬ ያበዛሽው?» ትለኛለች።

«ናፍቀሽኝ ነው፣ እምዬ» እላታለሁ።