ስፌት የዋጠው ዓይን

ባለፈው ሳምንት ለበዓል ነጠላ ልገዛ ሸማ ተራ ወጥቼ፣ አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ዘንዶ ያለባቸው ቀሚሶች ተሰቅለው አየሁ። ጥልፍ አይደለም፤ ማሽን ያተመው ነው። ሻጯ ልጅ «እማማ፣ ትንሽ ይረፉ» ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ። ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷልና ሳላቅማማ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ» እያሉ ያልፋሉ። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ እህቴ ወደ እጅጋየሁ ሠርግ ሄደ።

ያኔ እዚያው ሸማ ተራ ጥልፍ ጠላፊ ነበርኩ። እጅጋየሁ ልታገባ ስትል የቅልቅል ቀሚሷን እኔ እንድጠልፍላት ጠየቀችኝ። የፈለገችው ግን እንደ ሌላው ሙሽራ መስቀልና ሐረግ አልነበረም። አባታችን ከጎጃም ይዞት የመጣ፣ በሸራ ላይ የተሳለ የጥንት ተረት ሥዕል ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። አገር የሚገዛው ዘንዶ፣ ለእሱ ቀለብ የምትሰጠው ልጃገረድ፣ መርዝ የበላ ፍየል አቅርቦ ዘንዶውን የሚገድለው ሰው፣ ሁሉም አሉበት። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ያቺን ልጃገረድ ትወዳት ነበር። ይሄ ለሙሽራ ይሆናል ወይ ስላት፣ «ዘንዶውማ አማቴ ናቸው» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር። አማቷ እትዬ ደብሪቱ ለልጃቸው ሌላ ሴት አስበው እንደነበር ሰምተናል። እህቴ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ የምትኖረው ሰባተኛ ሰፈር፣ እሳቸው ቤት ነው። ካልወደዷት ኑሮዋ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ይህን እያሰበች እህል አልወርድ ብሏት ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ጠለፍኩ። ዘንዶውን ከታች ዙሪያውን አስኬድኩት፤ ልጃገረዷን በቀሚሱ ግራ ጎን፣ ከወገብ ከፍ አድርጌ አቆምኳት። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይን ነው የሚስሉት። እኔም ወጉን ጠብቄ ለዘንዶው አንድ፣ ለልጅቷ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ጠለፍኩላቸው። ጣቴ እስኪደነዝዝ ሠራሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ የሚታየኝ ክር ብቻ ነበር።

ቀኑ ሲቃረብ ቀሚሱ ሰፋት። በሥጋት ከስታ ነው። ልብስ ሰፊው ጋሽ ከድር እንደ ሰፊ ሁሉ ገልብጦ ከውስጥ በኩል ጎንና ጎኑን አጠበበው። እሱ የሚያየው የጥልፉን ጀርባ ነው፤ እኛም በጥድፊያ አጣጥፈን ወሰድነው። በቅልቅሉ ዕለት ስትለብሰው የልጅቷ ግማሽ ፊት ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የቀራት አንድ ዓይን ነው። እትዬ ደብሪቱ ደግሞ የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ናቸው፤ ሌላው ሰው ባያውቅ እሳቸው ያውቁታል። ክፉ ሴት ጎኗ ላይ አስጠልፋ ቤታቸው ስትገባ ምን ይሉ ይሆን? እንዳንተረትረው መኪናው በር ላይ ክላክስ እያደረገ ነው። እህቴ ነጠላዋን ወደ ጎኗ ስባ በግራ እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

እትዬ ደብሪቱ ቤት፣ ድግሱ ላይም እንደያዘችው ዋለች። ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ ጠጁ ተቀድቶ፣ ሰው እየጨፈረ፣ እሷ ግን ፊቷ ላይ ላብ ይወርዳል፤ ክንዷ ሲዝል ይታየኝ ነበር። በኋላ እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው ምግብ ያለበት ሳህን ይዘውላት መጡ። ከትልቅ ሰው በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው። ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ነጠላው ወደቀ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ጥልፉን ትክ ብለው አዩት። ነጠላውን አንስተው መልሰው አለበሷትና ቀሚሱን ማታ ስታወልቀው ለእሳቸው እንድትሰጣቸው ነገሯት።

በማግስቱ ቀሚሱን ወስጄ ላስተካክለው ሰባተኛ ሄድኩ። እትዬ ደብሪቱ ከድግሱ ድካም የተነሣ እግራቸውን ዘርግተው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቀሚሱ ጭናቸው ላይ ነው። የጋሽ ከድርን ስፌት ተርትረው ጎኑን በእጃቸው እንደገና ሰፍተውታል። ስፌቱ ጠመም ብሏል፤ ልጅቷ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ወጥተዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ቤቴ የገባች ልጅ በአንድ ዓይን አትቀርም» አሉኝ።

«እንዲህማ ከሆነ ይሰፋታል፣ እትዬ።»

«ይስፋት። እኔ ቤት አይደል የምትበላው? ትሞላዋለች።»

ሞላችው። ልጆች ወልዳ ቀሚሱ አልገባ እስኪላት ድረስ ሞላችው። ተጣልተው አያውቁም ብል ውሸት ይሆናል፤ ተኮራርፈው ሳሉ እንኳ ግን እትዬ ደብሪቱ የእህቴን ሳህን ሳያዩ ከገበታ አይነሱም ነበር።

እሳቸው ካረፉ ዓመት አለፈ። ያስታመመቻቸው እህቴ ናት። እንደዚያ ስትፈራው የነበረ ሰው ሲሞትባት እንዲህ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ትናንት ሽሮ ሠርቼ፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታክሲ ተጋፍቼ ሄድኩላት። ክንዷ ቀጥኗል። እኔ ከመንገዱ፣ እሷ ከሐዘኑ ደክመን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምግቡን ሳቀርብላት ገፋ አደረገችው።

«ከሳቸው ወዲያ ማን ብይ ይለኛል?» አለችኝ።

«ብይ» አልኳት።

ሁለት ሦስቴ ጎረሰች። ለእኔ ስትል እንደሆነ ያስታውቃል።