በዋልካ ላይ የሄደች የጠፈር መርከብ

ያደግሁት ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ስለሆነ ስለ አውቶቡስ የማላውቀው ነገር የለም። ሳይሞላ እንደማይነሳ፣ ከሞላም በኋላ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እየተባለ እንደገና እንደሚሞላ፣ በሩ በገመድ እንደሚታሰር፣ ጣራ ላይ የተጫነች ፍየል መንገዱን ሙሉ ስትጮህ እንደምትሄድ፣ ይህን ሁሉ አይቼ ጠግቤአለሁ። ስለዚህ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠፈር መርከብ ያለበት ፊልም ሳይ ልቤን የወሰደው ኮከቡም ጦርነቱም አልነበረም። በሩ ነው። ማንም ሳይነካው ሽው ብሎ ተከፈተ፣ ሰውዬው ገባ፣ ሽው ብሎ ተዘጋ። «በሩን ቀስ!» ብሎ የሚጮህ ሹፌር የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሌሉ መኪናዎች ወዳጅ ሆንኩ።

የሌለ ነገር ስወድ ግን ዝም ብዬ አልወድም፤ እመረምራለሁ። ደመና ላይ የሚሄድ ባቡር ካየሁ ተሳፋሪው ዕቃውን የት እንዳስቀመጠ እፈልጋለሁ። ከተማ የሚያህል መርከብ ካየሁ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጥበውም እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ መጥረጊያ የያዘ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ እንደ ሸረሪት እግር አውጥቶ የሚራመድ መኪና አየሁና «ይህን ለገለጉ መስመር በመደቡልን» ብዬ ተመኘሁ። ክረምት ሲገባ ወደ ገለጉ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በእግሩ ነው። መኪናውም እግር ቢያወጣ ፍርድ ነው።

አሁን ኮኪት ውስጥ ፊልምና ዘፈን በሚሞሪ የምጭንበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ደንበኞቼ በብዛት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። እነሱ የሚጠይቁኝ የሕንድ ፊልምና የአገራቸውን ዘፈን ነው። እኔ የጠየቁትን ጭኜ ስጨርስ ከመሃል አንድ የጠፈር መርከብ ሰካ አደርጋለሁ። ምርቃት ነው። ከእርሻ ሲመለሱ ታዲያ መጥተው ፍርዳቸውን ይሰጡኛል። አንድ የጎጃም ሰው ሚሞሪውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣

«እቴ፣ ያ የጫንሽልኝ መርከብ ረዳት የለውም እንዴ?» አለኝ።

«የለውም።»

«ታዲያ ወራጅ ቢኖር ለማን ይናገራል?»

«ወራጅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ናቸው።»

ሚሞሪውን አነሳና «እስር ቤት ነው በይኛ» ብሎኝ ሄደ።

ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቅና ስኳር የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። በወጣትነታቸው ሱዳን ሲሠሩ በባቡር ተሳፍረዋልና በተሽከርካሪ ጉዳይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ እንዲኖር አይፈልጉም። የእኔን መርከቦች በመስኮት እያዩ ይስቃሉ።

«ሐዲድ የሌለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ በምን ያውቃል?» ይሉኛል።

«ኮምፒውተር አለው፣ ሐጂ።»

«ኮምፒውተርሽ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ሐዲድ መብራት ሲጠፋ የት ይሄዳል? ወላሂ፣ እዚያው ነው!»

ይህን ባሉኝ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሻማ ለኮስኩ።

ባሌን ያገኘሁትም በዚሁ ክርክር ነው። ከኮኪት ወጣ ባለ አንድ የእርሻ ካምፕ የትራክተር ሹፌር ነበር። ፊቱ አቧራ፣ እጁ ግራሶ፣ አነጋገሩ ግን ቀስ ያለ። ሊያስጭን መጥቶ ቆሞ ሲጠብቅ አንድ መርከብ ከምድር ሲነሳ በስክሪኑ አየ።

«ማርሽ አልቀየረም» አለ።

«ምን?»

«ይህን የሚያህል ጭነት ይዞ ሲነሳ አንድም ማርሽ አልቀየረም። ውሸት ነው።»

ተናደድኩ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ መሬት ስበት ያለኝን ሁሉ ዘረዘርኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «በዚያ ዘመን ሰው ምን ይበላል?» አለኝ።

«ማለት?»

«ሁሉም መርከብ ላይ ነው። ማን ያርሳል? የሚያርስ መርከብ አለሽ?»

አልነበረኝም። የለም ማለትም ሞት መሰለኝ። ስለዚህ እዚያው ቆሜ ፈጠርኩለት። አለ፣ አልኩት፤ ቀይ አፈር ባለበት ሩቅ ዓለም ላይ የሚያርስ መርከብ አለ፣ ማረሻውን ከሆዱ አውርዶ በአንድ ቀን አገር ይገለብጣል፣ ፊልሙ ግን እኔ ዘንድ ገና አልደረሰም። ራሱን ነቀነቀና ወጣ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመልሶ መጣ።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«አፈሩ ዝናብ ሲመታው ይጣበቃል ወይስ አይጣበቅም?»

«ይጣበቃል» አልኩ።

«እንግዲያው የማረሻውን ዲስክ ማን ይጠርግለታል?»

ከዚያ በኋላ በየገበያው እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም በየገበያው ፊልሙን አስረዝመው ነበር። ካፒቴኑ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ቀጠረ፤ ጥቂት ቆይቶ ካፒቴኑ ራሱ ሴት ሆነች፤ ከዚያ የሩቁን ዓለም ማሽላ አንበጣ በላው። እንዲህ ያለ ፊልም እንደሌለ ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ እንደነበር የነገረኝ ሽማግሌ ሊልክ ሲል ነው። «እና ምን ትመላለስ ነበር?» ስለው «ሴትዮዋ ካፒቴን ማንን እንደምታገባ ልይ ብዬ» አለኝ።

ሠርጉ ግንቦት ላይ ሆነ። እኔ በመኪና እንዳይሆን ፈልጌ ነበር፤ አንድ የተለየ ነገር፣ ክንፍ የተቀጠለበት ባጃጅም ቢሆን። እናቴ ይህን ስትሰማ «ሙሽራ ሆነሽ እንኳ አታድጊም?» ብላ ከጎንደር ነጭ መኪና አስመጣች። ሹፌሩ ጥቁር መነጽርና ከረቫት ያደረገ፣ በሩን ራሱ እየከፈተ ራሱ የሚዘጋ፣ ማንንም የማያስነካ ሰው ነበር። ከሸሕዲ ስንነሳ የሙሽራው ወላጆች ቤት ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ ነገርነው።

«ይህ መኪና ጭቃ አያውቅም» አለ።

ባሌ ሰማዩን አየት አደረገና «ዛሬ ይተዋወቃሉ» አለ።

ዋዜማውን ዘንቦ ነበር። ቆላን የማያውቅ ሰው አንድ ዝናብ ምን ያደርጋል ይላል፤ ዋልካ መሬት ግን አንዴ ከራሰ ጫማ ከእግር ይወስዳል። ከአስፋልቱ ወረድን፣ ጥቂት ሄድን፣ መኪናው ወደ ግራ ዞረ፣ ሹፌሩ ወደ ቀኝ መለሰው፣ መኪናው አልሰማውም፣ ከዚያም በሆዱ ተቀመጠ። አጃቢዎቻችን ከኋላ በጭነት መኪና ይከተሉን ነበር። እነሱ ገና አስፋልቱ ላይ ሆነው አይተውን አልወረዱም። ሐጂ የሁለታችንም እንግዳ ሆነው ከላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁልቁል ያዩናል።

ባሌ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፣ «መጣሁ» ብሎኝ በእርሻው መሃል ቅርብ ወዳለው የሥራ ካምፑ ሄደ። ሚዜዎቹ ተያዩ። እኔ ቬሎ ለብሼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሙሽራዬ በሙሉ ልብስ፣ በባዶ እግሩ፣ ማሳ አቋርጦ ሲርቅ እያየሁ ቀረሁ። ሹፌሩ መነጽሩን አውልቆ፣ «ይመለሳል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለኝ። የምር ነበር የጠየቀኝ።

ተመለሰ። መጀመሪያ ጭሱ ታየ፣ ከዚያ ድምፁ ተሰማ፣ ከዚያ ትራክተሩ ተሳቢውን እየጎተተ በጭቃው ውስጥ ምንም እንዳልተፈጠረ እየተንደረደረ መጣ። ባሌ ከላይ ሆኖ፣ «ይኸው መርከብሽ!» አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ በደንብ አስታውሳለሁ፤ አለቃ ሆኜ ነበርና። የሰሊጥ ሸራ ተሳቢው ላይ አስነጠፍኩ። ከነጩ መኪና አበባውን አስፈትቼ ትራክተሩ አፍንጫ ላይ አሳሰርኩ። አጃቢዎቹን ከጭነት መኪናው አውርጄ አንድ በአንድ ተሳቢው ላይ አስወጣሁና ዙሪያውን አስቀመጥኳቸው። እኔ ከፊት፣ የተሳቢውን ጠርዝ ብረት ይዤ ቆምኩ። ሚዜዎቹ ባሌን «አንተ ከሙሽራይቱ ጎን ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው ይንዳ» አሉት። «ማርሹ ጠባይ አለው፣ ለሌላ ሰው አይገባም» ብሎ እምቢ አለ። ነጩ መኪናም ጭቃ ውስጥ አይቅር ተብሎ በሰንሰለት ከተሳቢው ኋላ ተቀጠለ። ሹፌሩ ከረቫቱን እንዳደረገ መሪውን ይዞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከኋላችን ይጎተታል።

ሐጂ ይህን ሲያዩ ደስታቸውን አልቻሉትም። «አየሽ? ከፊት ሞተር፣ ከመሃል ፉርጎ፣ ከኋላ ፉርጎ! ባቡር ነው! ኸላስ፣ ረታሁሽ!»

«ሐዲዱ የታለ፣ ሐጂ?»

ወደ ኋላ ዞረው ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ የቀደዱትን ሁለት ቦይ አሳዩኝ። «ይኸውልሽ፣ እየሠራ ነው የሚሄደው።»

ተሸነፍኩ፣ ግን በይፋ አላመንኩም። እንደ ፊልሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሞተር!» ብዬ ጮህኩ።

«አለ!» አለ ባሌ ከፊት።

«ነዳጅ!»

«አለ!»

«ሕዝብ!»

«ኩሉ ተማም! ሁሉም ሙሉ!» አሉ ሐጂ ከኋላ፣ ባቡር ነው ያሉትን ረስተው።

«ሁሉ ነገር አላት፣ መነሳት ብቻ ነው የማትችለው» አልኩ። ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ማርሹን አስገባ።

ጉዞው ቀርፋፋ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ግን አላውቅም። አክስቶቼ ይዘፍናሉ፣ ጭቃው እየተፈናጠረ ቬሎዬን ነጠብጣብ ያደርገዋል፣ የእርሻ ካምፕ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ቆመው ያዩናል። በመንገዴ ሁሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጄን እያውለበለብኩ ነው የሄድኩት።

ዳሱ በር ላይ የባሌ ወላጆች ከነዘመዶቻቸው ተሰልፈው ይጠብቁናል። አማቴ ከፊት ናቸው፤ የባሌ አባት ጋቢያቸውን ደርበው ከጎናቸው። ነጭ መኪና ነበር የሚጠብቁት። የመጣላቸው ልጃቸው ነው፣ በሙሽራ ኮት፣ በባዶ እግሩ፣ ትራክተር እየነዳ። ነጩ መኪና ከተፈታ በኋላ ባሌ የተሳቢውን ኋላ ወደ ዳሱ አዙሮ አቆመ። እኔ ልወርድ ስለሆነ የተሳቢው የኋላ በር ወደ ታች ተለቀቀ፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ዘፈኑ ደመቀ። ብረቱን ለቅቄ ወደ ኋላ መራመድ ስጀምር እግሬ ሥር አንድ ድምፅ ተሰማኝ፤ ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ። የተሳቢው ፊት ወደ ላይ መነሳት ጀመረ።

እህልና አሸዋ የሚያራግፍ ተሳቢ መሆኑን ረስቼው ነበር።

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጂ፣ የተሳቢውን ጎን በሁለት እጃቸው አንቀው። አክስቶቼ ሸራው ላይ ቁጭ እንዳሉ፣ ዘፈናቸውን እንኳ ሳያቋርጡ፣ ቀስ እያሉ መንሸራተት ጀመሩ። ከሁሉም ፊት እኔ ነበርኩ። ቬሎዬ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ወርጄ አማቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቶቼ ከኋላዬ ተራ በተራ ደረሱ።

ዘፈኑ ያን ጊዜ ቆመ። የኪራይ ቬሎ በጭቃ አበላሽቼ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት ተዘርግቼ ቀረሁ። እናቴ ትክክል ነበረች ብዬ አሰብኩ። የባሌ አባት ወደ ልጃቸው ቀና ብለው፣ «አንተ! ማሽላ መሰለችህ?» አሉ።

«እጄ ነክቶት ነው፣ አባባ» አለ ባሌ። ፊቱ ግን እጁ ሳያስበው የነካበት ሰው ፊት አልነበረም።

አማቴ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም፣ እማማ» አልኩ። ከዚያ አፌ አላርፍ አለኝ። «መነሳቱ ጥሩ ነበር፣ አስተራረፉ ግን ትንሽ ይሻሻል።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። ከዚያ ዳሱ በሙሉ። ከረቫት ያደረገው ሹፌርም ሳቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

ባሌ ሆን ብሎ ያድርገው አያድርገው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በጠየቅሁት ቁጥር «ሃይድሮሊኩ አሮጌ ነው» ይለኛል።

ለሠርጉ የቀጠርነው የቪዲዮ ባለሙያ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ መጀመሪያውን፣ ከተሳቢው ቀድሞ ወርዶ ዳሱ በር ቆሞ መጨረሻውን ቀርጾት ነበር። ለራሴ ላስቀምጠው ብዬ ሱቄ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት። ሐጂ አዩት፣ ለደንበኞቻቸው ተናገሩ፣ ከዚያ ወዲህ የጠፈር መርከብ በምርቃት መስካት ቀረ። ሠራተኞቹ ራሳቸው መጥተው «ያችን የምትራገፈዋን ሙሽራ ጫኚልን» ይሉኛል። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አያውቁኝም። ጭቃ ያልነካው ፊት ሌላ ሰው ይመስላል መሰለኝ።

ያልጠበቅሁት የአማቴ ነገር ነው። ለገበያ ኮኪት ሲመጡ ሱቄ ጎራ ይላሉ፣ ወንበር ስቤ እሰጣቸዋለሁ፣ «እስቲ ከነዚያ መርከቦችሽ አንዱን አሳይኝ» ይሉኛል። ቋንቋውን ባይሰሙም ዓይናቸውን አይነቅሉም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ካፒቴን መርከቡን ብቻውን ይዞ ወደ ጨለማው ሲገባ አዩና ክንዴን ያዙኝ።

«የዚህ ልጅ እናት የታለች?»

«ፊልሙ ላይ የለችም፣ እማማ።»

«ምን ሰንቆ ነው የሄደው?»

«እንጃ፣ አላሳዩም።»

«እንዲህ ያለ አገር በባዶ ሆዱ!» ብለው ከዘንቢላቸው የገዙትን ሙዝ አወጡ፣ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፣ ግማሹን እየላጡ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።